የትምህርት ቤት ጓዳ፦ ገመና ሳይወጣ ለተማሪና ለቤተሰቡ ምግብ ማድረስ

መጀመሪያ የተሳሳትነው በፌስታል ነው። ሩዙን፣ ምስሩን፣ ዘይቱን ለካን። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ነጭ ፌስታል አስረን፣ ልጆቹ ሲለቀቁ በር ላይ እንሰጣለን ብለን ቆምን። ከጠራናቸው ግማሾቹ እንኳን አልመጡም። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ መጣች። ፌስታሉን ተቀበለችና ግድግዳው ጥግ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ደብተሮቿን አንድ በአንድ ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ደረደረች፣ ምግቡን ቦርሳው ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን እስከ ጫፍ ዘጋች። ከዚያ ደብተሮቿን በክንዷ አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ምግቡን አግኝተናል። ሰው ሳያየው ቤት የሚደርስበትን መንገድ ግን አላሰብንበትም ነበር።

ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ላሰቡ መምህራንና ወላጆች ነው። እኔ «ጓዳ» እለዋለሁ። አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም አንድ ቁምሳጥን ብቻ። ውስጡ ተማሪው በነፃ ወደ ቤቱ የሚወስደው ምግብ አለ። ከምገባ ይለያል። ምገባ ልጁን ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ያበላዋል፤ ግን ማታም አለ፣ ቅዳሜና እሁድም አለ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ታናሽ ወንድም አለ፣ ልጆቿ እንዲጠግቡ ብላ «እኔ በልቻለሁ» የምትል እናት አለች። ጓዳው ለእነሱ ነው። ስሙን የወደድኩትም ለዚህ ነው። ሰው ለእንግዳ ሳሎኑን ያሳያል እንጂ ጓዳውን አያሳይም። ባዶ ጓዳ ገመና ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ፣ የመደርደሪያው ነገርም ሆነ የቁልፉ፣ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ይነሳል።

ፈቃድና ክፍል

ርዕሰ መምህሩ እሺ ካሉ በጽሑፍ ያድርጉላችሁ። ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ ክፍልም ይፈለጋል፣ አንድ ቀን «ይህ ዕቃ ከዚህ ይነሳ» የሚል ሰው ሲመጣ የምታሳዩት ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ወረቀቱ ላይ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ምግብ ቢበላሽ ወይ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍ። ምግብ መሰብሰብና ማደል በየአገሩ የራሱ ደንብ ስላለው፣ ሥራ ሳትጀምሩ በአካባቢያችሁ ምግብን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። አንድ ጠዋት ይፈጃል፣ በኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ክፍሉን ስትመርጡ ትልቅነቱን አትዩ። በሩን እዩ። ልጅ በዚያ በር ለሌላ ጉዳይ ሊገባ ይችላል ወይ? ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ፣ የክበባት ክፍል ጎን፣ ስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበት ዘንድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ማንም ተማሪ ለማንኛውም ነገር ይገባል ይወጣል። በሩ ከመጫወቻ ሜዳው ፊት ለፊት ከሆነና ለምግብ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ግን፣ የገባው ልጅ ሁሉ እንደታወቀ ቁጠሩት። እኛ በኋላ ያገኘነው ክፍል የመጀመሪያውን ግማሽ ያህላል። ግን ደብተር፣ እስክሪብቶና የደንብ ልብስ የሚሰጠውም እዚያው ነው። ልጁ ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣ ማንም አያውቅም።

በትንሹ ጀምሩ። 10 ቤተሰብ፣ አንድ መደርደሪያ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ለ10 ቤተሰብ ሳይቋረጥ መስጠት፣ ለ100 ቤተሰብ ሁለት ሳምንት ሰጥቶ ባዶ እጅን ከመቅረት ይሻላል። ምክንያቱም ሰው ባገኘው ነገር ላይ ተማምኖ ነው የወሩን ወጪ የሚያሰላው።

ማን ይውሰድ?

ስብሰባ ላይ ብዙ ሰዓት የሚበላው ጥያቄ ይህ ነው። «የማይገባው ሰው ቢወስድስ?» ይባላል። እኔ አቋሜን ልንገራችሁ፦ የድህነት ማስረጃ አትጠይቁ። ወረቀት አምጣ ስትሉት የሚቀረው በጣም የተቸገረውና በጣም ይሉኝታ ያለው ነው። ደፋሩማ ወረቀቱንም ያመጣል። ብክነት ካሰጋችሁ በኮታ ተከላከሉ። ለአንድ ቤተሰብ በሰው ቁጥር ልክ ይህን ያህል ብላችሁ ወስኑ፣ ለሁሉም እኩል ይሥራ፣ አለቀ።

የምትጠይቁት አራት ነገር ብቻ ይሁን። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? ሕፃን አለ? የማይስማማው ምግብ ያለ ሰው አለ? ማብሰያና ፍሪጅ አላችሁ? ሦስተኛዋን እንዳትዘሏት። ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ዓሣ የማይስማማው ሰው አለ፤ አንዳንዱን ለሞት ያደርሰዋል።

ዝርዝሩን በቁጥር ያዙት። መደርደሪያው ዘንድ ያለው መዝገብ ላይ «17፣ አምስት ሰው» ብቻ ይጻፍ። 17 ቁጥር ማን እንደሆነ የሚያውቀው ሌላኛው ወረቀት አንድ ሰው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ። መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ የስም ዝርዝር በአንድ የሻይ ሰዓት ግቢውን ያዳርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ አባት መጡ፣ በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሻሹ፣ «መምህር፣ እኔ እንኳን ለጎረቤት ልወስድላቸው ነው» አሉኝ። ለማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «ጥሩ አደረጉ አባባ፣ ለስንት ሰው ይሆናል?» አልኳቸው። «ለስድስት» አሉ። ያ ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ወሰደ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው በጭራሽ አታፋጥጡት። ሰበብ ይዞ የመጣ ሰው እንዳትነሱት የሚለምናችሁ ሰበቡን ነው።

ለልጁ እንዴት ትነግሩታላችሁ

ለተመረጡ ቤተሰቦች ደብዳቤ አትላኩ። ለሁሉም ተማሪ ቤት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይሂድ፤ ጓዳው እንዳለ፣ የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት፣ ማንም መውሰድ እንደሚችል ይናገር። ወላጆቹ ቤት ውስጥ የሚናገሩት ቋንቋ ሌላ ከሆነ በዚያም ይጻፍ። የማያነቡም ስላሉ በወላጆች ስብሰባ ላይ በቃል ይደገም።

ከዚያ በተረፈ የመምህር ዓይን ነው። ምሳ ላይ ከጓደኛው የተረፈ የሚለቅም፣ ሰኞ ሰኞ ሆዴን አመመኝ የሚል፣ አርብ ከሰዓት ፊቱ የሚለዋወጥ ልጅ ካያችሁ ለብቻው አናግሩት። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ «ተርበሃል?» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ እንዲያግዘኝ ጠርቼ ክፍሉን አሳየዋለሁ። «ከዚህ ለቤት የሚሆን ነገር ካየህ ውሰድ፣ ሁሉም ይወስዳል።» አንዱ መደርደሪያውን ረዥም ሰዓት አየና «ቲቸር፣ ሳይበስል የሚበላ አለ?» አለኝ። ከዚያች ጥያቄ ነው ቤታቸው ማብሰያ እንደሌለ ያወቅኩት። ብጠይቀው ኖሮ አይነግረኝም ነበር።

በር ላይ የሚቆም ሰውም ቃሉን ይምረጥ። «ምን ልርዳሽ?» ከማለት «ዛሬ ምን ትወስጃለሽ?» ይሻላል። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ እንደሚባለው ነው፣ ልጅቷ ቀና ብላ ትመልሳለች።

ይምረጡ ተዉአቸው

አስቀድሞ የታሰረ ጥቅል ለእናንተ ይቀላል፣ ለሚወስደው ግን አይመችም። ቤቱ ውስጥ ሩዝ ሞልቶ ዘይት የጠፋበት ሰው ሩዝ ትሰጡታላችሁ። ስለዚህ መደርደሪያውን እንደ ሱቅ አድርጉት። በእያንዳንዱ ደርብ ላይ «ከዚህ ሁለት»፣ «ከዚህ አንድ» የሚል ወረቀት ለጥፉ፣ ለትልልቅ ቤተሰብ ቁጥሩን ጨምሩ። ሰው የማይፈልገውን ስለማያነሳ ብክነቱም ይቀንሳል። ምን ቶሎ እንደሚያልቅም ታያላችሁ፣ ለቀጣዩ ግዢ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም።

መጠኑን ለመገመት እንዲህ አስሉት። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ ያልበሰለ ሩዝ ከ75 እስከ 100 ግራም ይበቃል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለቅዳሜና እሁድ ምሳና እራት 20 ሰው እንደማብላት ነው፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ። እንዲህ ያሉ 20 ቤተሰቦች ካሏችሁ በሳምንት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሩዝ ወይም ተመጣጣኝ ፓስታና ዱቄት ትፈልጋላችሁ። ጎን ለጎን ምስር፣ ቦሎቄ፣ ሽምብራ፣ የታሸገ ዓሣ፣ ዘይት፣ አዮዲን ያለው ጨው ይኑር። ቀይ ቦሎቄ ከሰጣችሁ «በደንብ ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉ፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ» ብላችሁ ከረጢቱ ላይ ጻፉ። ጥሬው ውስጥ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ነገር አለ፣ ለብ ባለ እሳት ደግሞ አይጠፋም።

ማብሰያ ለሌለው የተለየ ደርብ አድርጉ። የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ብስኩት፣ ፍራፍሬ፣ በጣት ተስቦ የሚከፈት ጣሳ። ጣሳ ስል ትዝ ያለኝ፣ አንድ ወር ሙሉ በመክፈቻ ብቻ የሚከፈት ጣሳ ስንሰጥ ቆይተን አንዷ እናት በቢላ ስትከፍት እጇን ቆርጣ መጣች። መክፈቻ አብሮ መሰጠት እንዳለበት ማናችንም አላሰብንም። አሁን መደርደሪያው ላይ መክፈቻም አለ።

የሕፃን ዱቄት ወተት ስትሰጡ ቀኑን ሁለቴ እዩ፣ ካለፈ አይሰጥም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንደማይሆን ንገሩ። ሳሙናና ሞዴስም ያዙ፣ በተለይ ሞዴስ ሴቶቹ ልጆች አፍ አውጥተው አይጠይቁም እንጂ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። ሳሙናውን ከምግብ አርቁት። ሩዝና ዱቄት የሳሙና ሽታ ይስባሉ።

የሚሸከመውን ልጅም አስቡ። ቦርሳ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። 35 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከሦስት ተኩል እስከ አምስት ኪሎ መሆኑ ነው፣ ደብተሮቹን ጨምሮ። ስለዚህ ዱቄቱንና ዘይቱን ወላጅ ይውሰድ። ለልጁ ቀለል ያለውን ስጡት፣ ጠርሙስ አትስጡት። ቦርሳ የሌለው ካለ ደግሞ የማያሳይ፣ ጽሑፍ የሌለበት የጨርቅ ቦርሳ ይሁን። ያንን ነጭ ፌስታል ተዉት።

አቀማመጥ

እዚህ ላይ ችላ ካላችሁ የሰውን ሆድ ታሳምማላችሁ፣ ስለዚህ ጠንከር ልበል።

ምንም ነገር መሬት አይነካም። ርብራብ አሠሩ ወይም መደርደሪያ ተጠቀሙ፣ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ። ሲሚንቶ ወለል ደረቅ መስሎ እርጥበት ይሰጣል። እኛ አንድ ኩንታል በቆሎ ከወለሉ ላይ አስቀምጠን ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ደህና፣ ስናነሳው ግን ታቹ ረጥቦ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። አንዷ በጎ ፈቃደኛ «የላዩን ለይተን እንስጥ» አለች። አልሰጠንም። በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊፈጥር ይችላል፣ ዓይን አያየውም፣ ብታበስሉትም አይለቅም። ያን ኩንታል ሲደፋ ማየት ያማል። ግን ይደፋ።

ደረቅ ምግብ ከ10 እስከ 21 ዲግሪ ባለው ቀዝቀዝ ያለ፣ ጨለም ያለ ቦታ ይቆያል። ዘይት በተለይ ብርሃንና ሙቀት አይወድም፣ ይጎመዝዛል። እህል ሲገባ ነቀዝ እንዳለው እዩ፣ ለጥቂት ቀን ከሌላው ለይታችሁ አቆዩት። ማቀዝቀዣ ካለ ትንንሹን ከረጢት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አራት ቀን ብታቆዩት ነቀዙም እንቁላሉም ይሞታል። አይጥ እርሳስ በምታስገባ ቀዳዳ ይገባል፣ ስለዚህ በቧንቧ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች በድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ ለስኑ።

ፍሪጅ ካላችሁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፣ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ፣ በየጠዋቱ ቁጥሩን ጻፉ። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሃል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። የሚበላሽ ምግብ በዚህ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አይሰጥም፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ሥጋ፣ ትኩስ ወተት፣ የተሠራ ምግብ አትቀበሉ። ከድግስ የተረፈ ይዞ የሚመጣ ደግ ሰው አይጠፋም። አመስግናችሁ መልሱት። ቤት ውስጥ በጠርሙስ የታሸገ ምግብም እንዲሁ። በትክክል ካልታሸገ ቦቱሊዝም የሚባል ገዳይ መመረዝ ያመጣል። ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ መጋጠሚያው ላይ የተጨራመተ ጣሳ ሳትከፍቱ ጣሉት።

ስለ ቀን ብዙ ሰው ይደናገራል። «ከዚህ በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው፣ ያለፈ ሩዝ ወይ ፓስታ ደህና ከሆነ ይበላል። «እስከዚህ ቀን ተጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ደኅንነት ነው፣ ያለፈ ይጣላል። ዕቃ እንደገባ ቀኑን በወፍራም ማርከር ፊቱ ላይ ጻፉ፣ ቀኑ የቀረበውን ከፊት፣ የራቀውን ከኋላ ደርድሩ። ይህን ለትልልቅ ተማሪዎች መስጠት ይቻላል፣ በደንብ ይሠሩታል። ሲሰጥ ግን ተማሪ በር ላይ አይቁም። የክፍል ጓደኛ ፊት ማን ይወስዳል?

ምግቡ ከየት ይመጣል

የምግብ ባንክ የሚባለው ሐሳብ የተነሳው ከአንዲት እናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ፣ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል በጎ ፈቃደኛ ሱቆች ከሚጥሉት ምግብ እየለቀመች ልጆቿን የምታበላ እናት አገኘ። ምግብ የሚቀመጥበትና የተቸገረ ሰው የሚያወጣበት እንደ ባንክ ያለ ቦታ ቢኖር አለችው፤ ሴይንት ሜሪስ የሚባለው የምግብ ባንክ የተጀመረው ከዚያ ነው። ዛሬ በብዙ አገር አለ። በአቅራቢያችሁ ካለ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ፣ ከግለሰብ ከመለመን ይሻላል። ከሌለ ጅምላ ነጋዴዎችን፣ ዳቦ ቤቶችን፣ የቀድሞ ተማሪዎችን ጠይቁ። «የቻላችሁትን» ስትሉ የማይፈለገው ይመጣል፣ ስለዚህ የጎደላችሁን በስም ዘርዝሩ። ገንዘብ የሚሰጥ ካለ ከዕቃ ይልቅ እሱን ተቀበሉ፣ በጅምላ ስትገዙ ይበረክታል።

ግን እባካችሁ «ማን የበለጠ አመጣ» የሚል የክፍል ለክፍል ውድድር አታድርጉ። ጓዳው የተከፈተለት ልጅ እዚያው ክፍል ተቀምጧል፣ የሚያመጣው የለውም፣ ስሙ ሲጠራ ባዶ እጁን ይቆማል። ሳጥን መግቢያው አጠገብ ይቀመጥ፣ ማንም ሳይመዘገብ ይጨምር።

ለጋሾች ፎቶ ይፈልጋሉ። መብታቸው ነው፣ የሰጡት የት እንደደረሰ ማየት አለባቸው። መደርደሪያውን አንሱላቸው፣ ስንት ኪሎ ገብቶ ስንት ኪሎ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ስጧቸው። የልጅ ፊት ግን አይነሳም። «ከጀርባ ብቻ» የሚሉም አሉ፣ ቦርሳውን የሚያውቅ ጓደኛ አለው።

ሒሳቡን ቀላል አድርጉት። አንድ የገቢና ወጪ መዝገብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቆጠራ፣ ቁልፍ ሁለት ሰው ዘንድ። ቆጠራውን ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይሥራ። ማንም ስለተጠረጠረ አይደለም፤ ወሬ ሲነሳ ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲመልሱ ነው።

ሰዓትና እረፍት

አርብ ከሰዓት ዋናው ቀን ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ከፊት ስላሉ። ለወላጆች ግን ከሥራ በፊት ማለዳ ላይ አንድ ቀን ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ካልመጣ አትደንግጡ። እኛ ክፍል ከቀየርን በኋላ እንኳን ሦስት ሳምንት ሙሉ አራት ሰው ብቻ ነበር የመጣው። ሰው አንዱ ወስዶ ምን እንደተባለ አይቶ ነው የሚከተለው።

ረዥም እረፍት ሲመጣ ትምህርት ቤት ምሳ ይበላ የነበረው ልጅ ያንንም ያጣል፣ ፍላጎቱ የሚጨምረው እናንተ በር በምትዘጉበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ኮታውን እጥፍ አድርጉ፤ ከባዱ ዕቃ በአንድ ቀን እንዳይከመርባቸው ከፋፍላችሁ ስጡ። በእረፍቱ ውስጥ በሳምንት አንድ ጠዋት የሚከፍት ሰው አሁኑኑ ይመደብ፣ ጥበቃዎቹም ቀኑንና ሰዓቱን ይወቁ፤ አለበለዚያ እናትየዋን ከበር ይመልሷታል። በጓዳው በርና በዋናው በር ላይ ቀኑን ለጥፉ። ፍሪጁን ባዶ አድርጋችሁ አጽዱ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት።